የሠላሳ አንድ ቁጥር አምፖል

ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለማከብርዎ አክስቴ ኤልሲ ግሪምሾ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? እኛ እዚህ ሰዎቹም በጎቹም ደህና ነን። እኔን በአካል አያውቁኝም፤ የእህትዎ የሂልዳ የልጅ ልጅ ሮድኒ ነኝ። በገና ካርድ ውስጥ በተላከልዎ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ጆሮዎቹ የተገተሩት ልጅ እኔ ነኝ። ጆሮዬ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ዕድሜዬ ግን ሃያ ስድስት ደርሷል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሆኛለሁ።

የምጽፍልዎ ለቁም ነገር ነው። ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው አሮጌ ራዲዮ በመጠገን ነው። በቅርቡ አንድ ገበሬ ዕቃውን ሲሸጥ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ይገጠም የነበረ ራዲዮ አገኘሁ። ሰውየው የሱፍ መጋዘኑ ጥግ አስቀምጦት ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ነበር። ገለባውን ጠርጌ ስከፍተው አምፖሎቹ በቦታቸው አሉ። ቤት የሚያበራውን አምፖል ማለቴ አይደለም፤ አየሩ ተመጦ የወጣለትን፣ ከሩቅ የመጣውን ደካማ ምልክት አጉልቶ ለጆሮ የሚያደርሰውን የራዲዮ አምፖል ማለቴ ነው። ከአንደኛው ሥር አረንጓዴ ነጥብ፣ «31» የሚል ቁጥርና «ማርች 43» የሚል ቀን አለ።

ለአያቴ አሳየኋት። ያችን ሁለት ጣት የጎደላትን ቀኝ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ፣ ገልብጣ አየችውና «ሠላሳ አንድ» አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ሽንኩርቷን ልትኮተኩት ወጣች። ተከትያት ወጥቼ ብጠይቃት «ስለ ራዲዮ እኔ ምን አውቄ፤ ዶሮዎቹን ጠይቅ!» አለችኝ። እናቴ ግን ሁለታችሁም በጦርነቱ ጊዜ አምፖል ፋብሪካ ትሠሩ እንደነበር ነግራኛለች።

የከተማችን የራዲዮ ማኅበር መጽሔት የእነዚህን አምፖሎች ታሪክ እንድጽፍ ጠይቆኛል። እንዴት ይሠሩ እንደነበር ቢጽፉልኝ፣ ቤትዎ የቀረ አምፖል ካለም ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ስልክ ቁጥርዎን ቢሰጡኝ ደግሞ እደውላለሁ።

አክባሪዎ፣
ሮድኒ ፔቲግሩ


ሃስሊንግደን፣ ላንካሻየር
ማርች 20 ቀን 1996

ለልጄ ለሮድኒ፣

ጤናህ ይብዛ፣ ጆሮህም እንደተገተረ ይቆይልህ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ከዚህ ሰፈር ባልቴቶች ሁሉ እኔ እሻላለሁ።

ስልኩን ተወው። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበርኩ፤ የመሸመኛው ማሽን ጆሮዬን በልቶታል። የሰው ፊት ካላየሁ አልሰማም። እኛ ሸማኔዎቹ በዚያ ጩኸት ውስጥ የምናወራው በከንፈር ነበር፤ ድምፅ የለውም፣ አፍን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። አዳራሹ ማዶ ያለች ሴት ባሏን ስታማ እኔ እዚህ ሆኜ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ሂልዳም እንደዚሁ ናት። አያትህ ፊት አፍህን እያንቀሳቀስክ ካጉተመተምክ ሁሉን እያወቀችብህ ነውና ተጠንቀቅ።

በ1941 ማሽኖቹን አወጡና አዳራሹን ነጭ ቀብተው አምፖል መሥሪያ አደረጉት። ከጩኸቱ ወጥተን እዚያ ጸጥታ ውስጥ ስንቀመጥ የሞትን መስሎን ነበር። መሐንዲሶቹ ዝም ብለን የምንሠራ መስሏቸው «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!» ይሉ ነበር፤ እኛ በከንፈር እነሱን ስንቦጭቅ ነው የምንውለው።

ጧት ጧት በሩ ላይ ሚስስ ክሌግ የምትባል አለቃችን ትቆማለች። «እጅ!» ትላለች። ሁለት እጅህን ትዘረጋለህ፤ ፊቱን ታያለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ ታሸታለች። የጥፍር ቀለም፣ የፊት ዱቄት፣ ክሬም፣ ላብ የሚባል ነገር ክልክል ነው። ደህና ከሆንክ «ንጹሕ ነው፤ ግቢ» ትላለች። ካልሆንክ ወደ መታጠቢያው ትመለሳለህ፤ አዳራሹ ሁሉ ይስቅብሃል። ምክንያቱም አምፖሉ መሃል ነጭ የተቀባች ቀጭን ቱቦ አለች። እሷ ስትግል ነው ሥራው ሁሉ የሚሠራው። በዙሪያዋ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመበት ፍርግርግ ይገባል። ሁሉንም በወረንጦ ይዘህ ሚካ በሚባል ስስ የማዕድን ቅጠል ታያይዘዋለህ። የጣት ቅባት ትንሽ ከነካው አምፖሉ ለጊዜው ደህና ይመስልና ከቀናት በኋላ ይደክማል። በሰማይ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ራዲዮው ዝም ካለበት መንገዱን የሚነግረው የለም።

ከሁለት መቶ ሴት አንደኛዋ እጅ የሂልዳ ነበረች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ጉራ እንዳይመስልህ፣ ቆጥረው የነገሩን ነው። ሠላሳ አንድ የእሷ ቦታ ነበር፣ መስኮቱ ሥር። በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች።

አራት አምፖል በካልሲ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ጫፋቸው ላይ ያለውን የብር ቀለም እድፍ እይ፤ እንደ መስታወት ካበራ ደህና ነው። ወተት ከመሰለ ግን አየር ገብቶበታልና ጣለው። ካልሲውን ለአያትህ ስጥልኝ።

አክስትህ፣
ኤልሲ


ቲማሩ
ሜይ 2 ቀን 1996

ለማከብርዎ አክስቴ ኤልሲ፣

ጤና ይስጥልኝ። አራቱም አምፖሎች ሳይሰበሩ ደርሰዋል፤ አንዱም ወተት አልመሰለም። ካልሲውን አያቴ ወዲያው አጥልቃው «ኤልሲ ተረከዝ መሥራት ዛሬም አልቻለችም» ብላለች።

አሁን የምጽፈው ግን ከብዶኛል። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ የፋብሪካችሁን የምርመራ መዝገብ ቅጂ ላኩልኝ። ኖቬምበር 1943 ላይ እንዲህ ይላል፦ «መቀመጫ 31። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አምፖል ተበላሽቷል። ምክንያት፦ ቅባት የነካው እጅ። ሠራተኛዋ አምናለች፤ ወደ ጥይት መሙያ ፋብሪካ ተዛውራለች።»

ሠላሳ አንድ አያቴ ናት፤ እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ይህን ሲያነብ እጁን አፋተገ። «የጽሑፉ ቅመም ይኸ ነው፤ በኦገስት መጨረሻ ከነስሟ አምጣው» አለኝ። አያቴን ወረቀቱን አሳይቼ ስጠይቃት ድንች እየላጠች «ወረቀቱ እንደዚያ ካለ እንደዚያ ነው» አለች፤ ቀናም አላለችም። ጣቶቿ የት እንደቀሩም እስከ ዛሬ አናውቅም። ለእናቴ በግ ነክሶኝ ነው ብላለች፣ ለእኔ መጋዝ፣ ለጎረቤት ደግሞ ብርድ።

እውነት ነው ወይ? እርስዎ እዚያ ነበሩ።

አክባሪዎ፣
ሮድኒ


ሃስሊንግደን
ሜይ 30 ቀን 1996

ለልጄ ለሮድኒ፣

እንደምን አለህ? እኛ ጋ ዝናቡ አላቆመም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኳስ የምናንከባልልበት የቦውሊንግ ሜዳ ውኃ ስለተኛበት ጨዋታ የለም። ቤት የማሳድጋት ተናጋሪዋ ወፌ ላባዋን እያራገፈች ነው። ለአንተ ሹራብ ጀምሬልሃለሁ፣ የክንድህን ርዝመት ላክልኝ።

የጠየቅኸኝን ነገር በተመለከተ፣ ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። ብዙ ነገር ተበላሽቷል፣ ብዙ ነገር ተሠርቷል። ያችን ገጽ ከጽሑፍህ አውጣት። አምፖል እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ጻፍ፤ ለአንባቢም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሌላ ነገር ላስቸግርህ። የሂልዳን ፎቶግራፍ ላክልኝ። በገና ካርድ የምትልካቸው ሁሉ ፊቷን ብቻ ነው የሚያሳዩት። እጇም ይታይ።

አክስትህ፣
ኤልሲ


ቲማሩ
ጁላይ 3 ቀን 1996

ለማከብርዎ አክስቴ ኤልሲ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የክንዴ ርዝመት ስልሳ አንድ ሴንቲሜትር ነው። ፎቶግራፉንም ልኬያለሁ። አያቴ አልነሣም ብላ ስትሟገት ነው ያነሣኋት፤ እጇን ለመከልከል ስትዘረጋ ወጣ።

ባለፈው እሁድ ራዲዮውን አስነሣሁት። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፣ ትንሽ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ የበግ ዋጋ የሚያነብ ሰውዬ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ከሃምሳ ሦስት ዓመት በኋላ! አያቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። መጥታ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ንዝረቱን በእጇ ትሰማለች። ከዚያ ሠላሳ አንድ ቁጥርን አሳይታኝ «ይህቺ እጄ ናት» አለችኝ። አገጯን እንዲህ ቀና አድርጋ። በሕይወቴ በምንም ነገር እንደዚያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም።

አክስቴ፣ እንዲህ የምትኮራ ሴት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አምፖል በቅባት አታበላሽም። መዝገቡን አላምነውም። ነገር ግን በእጄ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው፤ እርስዎም ስለ ወፍ ነው የጻፉልኝ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ሌላ የሚያውቁት ነገር ከሌለ ስሟ በመዝገቡ እንደተጻፈው በመጽሔቱ ይወጣል። አዘጋጁ እኔ ባልጽፈውም ሌላ ሰው ያስጽፋል፤ መዝገቡን ቀድቶ ይዞታል።

አክባሪዎ፣
ሮድኒ


ሃስሊንግደን
ጁላይ 12 ቀን 1996

ለልጄ ለሮድኒ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ጧት ነው፤ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ እመልሳለሁ። ዛሬ ስለ ወፍ አልጽፍም።

ክሬሙን የተቀባሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ኖቬምበር ሃያ ዓመቴ ነበር። ደረቴ ከጥጡ ብናኝ የተነሣ ደካማ ነው። የእኔ መቀመጫ በሩ አጠገብ ስለሆነ ነፋሱ ያስለኝ ነበር። ሂልዳ «ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ እኔ ነፋስ አልፈራም» ብላ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታዋን ለሦስት ቀን ለቀቀችልኝ። ቦታ መቀያየር ክልክል ነው፤ ሚስስ ክሌግ ግን አይታ እንዳላየች አለፈችን። ለሦስት ቀን የእኔ ሥራ ሁሉ በሠላሳ አንድ ቁጥር ተመዘገበ።

እጄ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። አንድ ካናዳዊ ወታደር ጭፈራ ቤት ውስጥ ትንሽ የክሬም ብልቃጥ ሰጠኝ። ሐሙስ ማታ ተቀባሁት፣ ጧት ታጠብኩት። ሚስስ ክሌግ አሽታ «ንጹሕ ነው፤ ግቢ» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደገምኩት። አርብም፣ ቅዳሜም፣ ሰኞም። ስለ ራዲዮው አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ ማክሰኞ ጭፈራ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልመታው ያምረኛል።

አምፖሎቹ አዲስ ሆነው ሲፈተኑ አለፉ። ናሙናዎቹ ለቀናት ሲበሩ ከቆዩ በኋላ ግን እየደከሙ ሄዱ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ስልሳዎቹ ከፋብሪካው ወጥተው ነበር። ሂልዳን ወደ አለቆቹ ክፍል ጠሯት። ክፍሉ ግድግዳው መስታወት ነው፤ ድምፅ አይወጣም። እኔ ግን ጆሮ አያስፈልገኝም። ዋናው አለቃ «ክሬም ነው፤ እዚህ ቦታ ተቀምጦ የሠራው ማን ነው?» ሲላት አየሁ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሂልዳ ዞር ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ፤ በከንፈሯ «ቁጭ በይ። ዝም በይ። ደረትሽን አስቢ» አለችኝ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞራ «እኔ ነኝ» አለች።

ተቀመጥኩ። በቃ፣ ያደረግሁት ይኸው ነው። ተቀመጥኩ።

ጥይት መሙያ ፋብሪካ ላኳት። ባሩዱ ፊትና ፀጉር ቢጫ ያደርጋል፤ የእኔ ደረት እዚያ ክረምቱን አይዘልቅም ነበር። በአርባ አራት ፋሲካ ላይ አንድ የቦምብ ማቀጣጠያ እጇ ላይ ፈነዳ። በግ አይደለም፣ መጋዝም አይደለም። ጦርነቱ ሲያበቃ መርከብ ተሳፍራ ሄደች። ሃምሳ ዓመት በየገናው ስለ አየር ጠባይ ተጻጻፍን። ዘንድሮ ዘነበ፣ አምና አልዘነበም። ሌላውን ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር «ዝም በይ» ያለችኝ ይታየኛል፤ እኔም ታዘዝኳት። ሌላ ትእዛዟን አንድም ቀን አክብሬ አላውቅም፤ ይኼኛው ስለተመቸኝ ነው ያከበርኩት።

ስለዚያ ስልሳ አምፖል ምንም ሰምቼ አላውቅም። የከተማችን የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ላይ የሞቱትን ልጆች ስም ባነበብኩ ቁጥር አስበዋለሁ።

አሁን ጻፍ። ኤልሲ ግሪምሾ ብለህ ከነቤተሰብ ስሜ ጻፍ፤ ክሬሙንም ጻፍ። ሠላሳ አንድን አጽዳልኝ። ፎቶግራፉን ወጥ ቤት ሰቅዬዋለሁ።

አክስትህ፣
ኤልሲ


ቲማሩ
ኦገስት 4 ቀን 1996

ለምወድዎ አክስቴ ኤልሲ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ከፊቷ ቁጭ ብዬ ከንፈሬ እንዲታያት አድርጌ ለአያቴ አነበብኩላት። ስጨርስ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ «ማክሰኞ ጭፈራ!» አለች። «ያንን ካናዳዊ አውቀዋለሁ። መደነስም አይችል!» ቀጥላ አለቀሰች፤ ስታለቅስ አይቻት ስለማላውቅ የማደርገው ጠፋኝ፣ ሻይ አፈላሁ።

መዝገቡን እንደገና አገላበጥኩት። ከሦስት ገጽ በኋላ ያለውን መጀመሪያ አላየሁትም ነበር። እንዲህ ይላል፦ «የወጡት ስልሳ አምፖሎች ከአየር ኃይሉ መጋዘን ሳይወጡ ተመልሰዋል። ስልሳውም ተቆጥረው ተሰብረዋል።» አክስቴ፣ አንድም አልበረረም። ሐውልቱ ላይ ያሉት ልጆች በዚያ ምክንያት አልሞቱም። አያቴም ይህን የሰማችው ገና አሁን ነው፤ እሷም እንደ እርስዎ ሃምሳ ሦስት ዓመት አስባዋለች።

ችግሩ ሌላ ነው። የእርስዎን ስም አታወጣም ብላ ከለከለችኝ። «ሠላሳ አንድ የእኔ ቁጥር ነው፣ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቅር» አለች። እርስዎ ግን ጻፍ ብለውኛል፤ የማንን ትእዛዝ ልከተል ብላት «የታላቂቱን፣ የእኔን!» አለችኝ። ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ ይቅርታ። እንግዲያው ደውለሽ ተስማሚ አልኳት። «ደንቆሮ ለደንቆሮ ይደውላል? ፊት ለፊት ቆሜ ነው የምነግራት» አለች። በማግስቱ ቲኬት ገዛች። አውሮፕላን ተሳፍራ የማታውቅ ሴት!

ማንቸስተር የምትደርሰው ሴፕቴምበር 14 ጧት ነው። አዘጋጁ እስከ ኦክቶበር ታግሦኛል። እባክዎ ይቀበሉልኝ፤ የተስማማችሁበትንም ጻፉልኝ።

የሚወድዎ፣
ሮድኒ


ሃስሊንግደን
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1996

ለምወድህ ልጄ ለሮድኒ፣

አያትህ በሰላም ደርሳለች። አሁን ወፌን ክፉ ቃል እያስተማረቻት ነው። ጽሑፉን አውጣ። ኤልሲ ግሪምሾ፣ ክሬም፣ ሁሉንም። ሂልዳ በአንድ ነገር ብቻ ነው የፈቀደችው፦ ማርች 43 የሠራቻት አምፖል ዛሬም እንደምትሠራ ከሁሉ በፊት ይጻፍ፣ ስሟም ከነቁጥሯ ይጠቀስ። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው የሆነውን ደግሞ ለመጽሔቱ ሳይሆን ለአንተ እጽፋለሁ።

አዲሱን ካፖርቴን ለብሼ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ሻንጣ የሚወጣበትን አዳራሽና እኛን የሚለየን ትልቅ መስታወት ነው። ሰው ተጋፍቶ እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ አየኋት፤ አጭር፣ ፀጉሯ ነጭ፣ የእኔን ካልሲ አጥልቃ። ሃምሳ ዓመት የተዘጋጀሁበት ንግግር ከራሴ ጠፋ።

እሷ ሻንጣዋን ትታ ቀጥ ብላ ወደ መስታወቱ መጣች። ቆመች። እንደ ሚስስ ክሌግ አገጯን ቀና አደረገች። በከንፈሯ «እጅ!» አለችኝ።

ቦርሳዬን መሬት ጣልኩና ሁለት እጄን መስታወቱ ላይ ዘረጋሁ። ፊቱን አየች። በጣቷ እንድገለብጠው አሳየችኝ፤ ገለበጥኩት፣ ጀርባውንም አየች። አልቸኮለችም፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። ከዚያ የራሷን እጆች አንሥታ፣ ያችን ሦስት ጣት የቀራትን ጭምር፣ በመዳፎቼ ትክክል መስታወቱ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ግቢ።»

አክስትህ፣
ኤልሲ